የስራ ልምዳችሁን ለማስተርስ ክሬዲት እንዴት ታስቆጥራላችሁ

ብዙ አመት ሰርታችሁ አሁን ማስተርስ ልትጀምሩ ነው እንበል። የኮርስ ዝርዝሩን ስታዩ አንዳንዱ በየቀኑ የምትሰሩት ነገር ነው፣ ይሄንንም ከዜሮ ልማር ነው እንዴ ትላላችሁ። የግድ አይደለም። ከክፍል ውጪ የተማራችሁትን ገምግመው ክሬዲት የሚሰጡ ዩኒቨርሲቲዎች አሉ፣ አሜሪካ ውስጥ ፕራየር ለርኒንግ አሰስመንት ወይ ባጭሩ ፒኤልኤ ይሉታል፣ እንግሊዝ፣ ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ደግሞ ሪኮግኒሽን ኦፍ ፕራየር ለርኒንግ ወይ ባጭሩ አርፒኤል የሚለው ስም ነው የሚታወቀው። ፈረንሳይማ በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ህግ ሰው ልምዱን ይዞ ገምጋሚዎች ፊት ቀርቦ ሙሉ ዲግሪ፣ ማስተርስን ጨምሮ፣ ማግኘት ይችላል።

ሌላው ቦታ ግን ያን ያህል አትጠብቁ። ይሄ ነገር በመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ነው በደንብ የተለመደው፣ ማስተርስ ላይ ጭራሽ የማይቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የሚቀበሉትም ከዚህ በላይ አይቆጠርም የሚል ጣሪያ አላቸው፣ ቴሲሱን ደግሞ ሁሌም ማለት ይቻላል እዛው ነው የምትሰሩት። ቢሆንም የአሜሪካ ማስተርስ ብዙውን ጊዜ ከ30 እስከ 36 ክሬዲት ስለሆነ ባለ 3 ክሬዲት ሁለት ኮርስ እንኳን ብታስቆጥሩ ትንሽ ነገር አይደለም፣ የጊዜም የገንዘብም እፎይታ ነው።

መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ይሄንን ነው፦ ፕሮግራሙ የሚሰጠው ክሬዲት ነው ወይስ ዌቨር? ልዩነቱን ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች በጣም ያሳዝኑኛል። ክሬዲት ከሆነ ከጠቅላላው ላይ ይቀነስላችኋል፣ ዌቨር ከሆነ ግን ያንን ኮርስ ትዘሉና ብዙ ቦታ በምትኩ ሌላ ትወስዳላችሁ፣ ክፍያውም ጊዜውም ያው ነው። ጂማት ወይ ጂአርኢ በስራ ልምድ ይቀርላችኋል የሚሉት ደግሞ የመግቢያ ፈተና ጉዳይ ነው እንጂ ከክሬዲት ጋር አይገናኝም። ስለዚህ ለአድቫይዘሩ በኢሜይል ጠይቁና መልሱን በጽሁፍ ያዙ፦ ስንት ክሬዲት ድረስ ነው፣ ለየትኞቹ ኮርሶች ነው፣ ማመልከቻው መቼ ነው የሚገባው፣ የግምገማው ክፍያ ስንት ነው፣ ልምዱ ስንት አመት ካለፈው አይቆጠርም። የግምገማ ክፍያ ብዙ ጊዜ ከኮርሱ ክፍያ ያንሳል፣ ግን የሚከፈለው ለግምገማው ስለሆነ ባይሳካላችሁም ላይመለስ ይችላል።

አሁን ዋናው ነገር። ክሬዲት የሚሰጠው ለሰራችሁበት አመት ሳይሆን ከስራው ለተማራችሁት ነው። አስራ አምስት አመት የሰራ ሰው ውድቅ ሆኖበት አምስት አመት የሰራ ሊያልፍ ይችላል፣ ምክንያቱም ገምጋሚው፣ ብዙ ጊዜ ኮርሱን የሚያስተምረው መምህር ማለት ነው፣ የሚያየው ይሄ ሰው ኮርሱን ተምሮ የጨረሰ ተማሪ የሚያውቀውን ያውቃል ወይ የሚለውን ነው። ስለዚህ የኮርሱን ሲላበስ፣ ማለትም የኮርሱን ይዘት የሚዘረዝረውን ወረቀት፣ አግኙና ተማሪው በመጨረሻ ምን መቻል አለበት የሚለውን ክፍል አውጡ፣ እያንዳንዷ ነጥብ ስር የት እንደተማራችሁት፣ እንዴት እንደተጠቀማችሁበትና ማስረጃው ምን እንደሆነ ጻፉ። ከነጥቦቹ አብዛኛው ባዶ ከሆነ ያንን ኮርስ ተዉትና ሌላ ፈልጉ፣ ከአምስት ደካማ ጥያቄ አንድ ጠንካራ ይሻላል።

ለምሳሌ የክትትልና ግምገማ ኮርስ ነው እንበል። "የፕሮጀክት ክትትል ኃላፊ ሆኜ ሰርቻለሁ፣ ሪፖርት አዘጋጅቻለሁ" ብላችሁ ብትጽፉ ይሄ ሲቪ ነው፣ ምንም አያስቆጥርም። እንዲህ ቢሆንስ፦ "የምንሰበስበው መረጃ ስንት ሰው እንደሰለጠነ እንጂ ከስልጠናው በኋላ ምን እንደተለወጠ አያሳይም ነበር፣ ስለዚህ መነሻ ጥናት አሰርቼ የምንለካባቸውን መለኪያዎች ቀየርኩ፣ ሆኖም ያልሰለጠነ ቡድን ለንጽጽር ስላልያዝን ለውጡ በኛ ስራ ነው የመጣው ማለት እንደማንችል ተረዳሁ፣ በሚቀጥለው ፕሮጀክት ንጽጽሩን ከመጀመሪያው አስገባሁ።" እዚህ ውስጥ ሰውየው ያሰበው፣ ያልሰራለት ነገርና ያሻሻለው ይታያል። ማስተርስ ደረጃ ላይ ደግሞ ይሄም ብቻውን አይበቃም፣ ከዘርፉ ጽሁፎች ጋር አገናኙት፣ እኔ በተግባር ያየሁትን ምሁራኑ እንዲህ ይሉታል፣ እዚህ ጋ እስማማለሁ፣ እዚህ ጋ ግን ልምዴ ሌላ ነው ያሳየኝ በሉ። ለመጻፍ ከከበዳችሁ የትምህርት ተመራማሪው ዴቪድ ኮልብ የልምድ ትምህርት ዑደት ያግዛችኋል፦ ምን ገጠመኝ፣ ምን አስተዋልኩ፣ ከሱ ምን ሀሳብ ያዝኩ፣ ሀሳቡን ሌላ ቦታ ስሞክረው ምን ሆነ።

ማስረጃ ላይ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን ሰርቷል የሚል ደብዳቤ ብቻውን ደካማ ነው። አለቃችሁን የትኛውን ስራ በራሳችሁ እንደመራችሁና ምን ውሳኔ እንደወሰናችሁ የሚገልጽ ደብዳቤ ጠይቁ፣ ሊጽፍ ጊዜ ከሌለው የሰራችሁትን ዝርዝር አዘጋጅታችሁ ስጡት። ሪፖርት፣ እቅድ፣ ማኑዋል የመሰለ ራሳችሁ ያዘጋጃችሁትን አያይዙ፣ ግን የድርጅቱን ፈቃድ ሳትይዙና የሰው ስም ሳታጠፉ አይሆንም። ሰርተፊኬት ከሆነ ፈተና ያለው ከተሳትፎ ወረቀት በጣም ይበልጣል። አሜሪካን ካውንስል ኦን ኤጁኬሽን የሚባለው ተቋም የወታደር ቤትና የድርጅት ስልጠናዎችን ገምግሞ ይሄን ያህል ክሬዲት ይገባዋል ብሎ ይመክራል፣ ስልጠናችሁ እዛ ውስጥ ካለ ደረጃውን እዩት፣ የባችለር ደረጃ ከተባለ ለማስተርስ ብዙም አይጠቅማችሁም፣ የመጨረሻ ውሳኔውም የዩኒቨርሲቲው ነው።

አንድ ነገር አደራ። ሲቪና ገንዘብ ላኩ፣ በልምዳችሁ ሙሉ ማስተርስ በቀናት ውስጥ እንልካለን የሚሉ ድርጅቶች አሉ፣ እነሱ ወረቀት ነው የሚሸጡት። ትክክለኛ ዩኒቨርሲቲ ማስረጃችሁን አንድ በአንድ ይመረምራል፣ ይጠይቃል፣ ሊከለክልም ይችላል፣ እውቅናውንም ሰጪው አካል ዘንድ ሄዳችሁ ማጣራት ትችላላችሁ።

ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ የመዛወር ወይ ፒኤችዲ የመቀጠል ሀሳብ ካላችሁ፣ ወይ ስራችሁ የሙያ ፈቃድ የሚፈልግ ከሆነ፣ በዚህ መንገድ የተገኘ ክሬዲት እዛ ይቆጠር እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሁሉም አይቀበልም።

ማመልከቻውን ኮርሱ ላይ ከመመዝገባችሁ በፊት አስገቡ፣ አንዴ ተመዝግባችሁ መማር ከጀመራችሁ ብዙ ቦታ አያዩላችሁም። ከተፈቀደ ሬጅስትራር ሄዳችሁ ትራንስክሪፕቱ ላይ መግባቱን በአይናችሁ እዩ። ካልተፈቀደ ደግሞ የገምጋሚውን አስተያየት ጠይቁ፣ የጎደለውን ሞልቶ እንደገና ማስገባት ወይም የኮርሱን ፈተና ብቻ ተፈትኖ ማለፍ የሚፈቅዱ አሉ።