ራሙ ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት፦ የማዘርቦርድና የራም ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

አዲስ የጌም ኮምፒውተር ተገጣጥሞ አልነሳ ሲል መጀመሪያ የሚወቀሰው ራሙ (ኮምፒውተሩ በሥራ ላይ ያለውን መረጃ የሚይዝበት ሜሞሪ) ነው። ብዙ ጊዜ ግን ራሙም ማዘርቦርዱም (ሁሉም ክፍል የሚሰካበት ዋናው ቦርድ) ደህና ናቸው። ወይ እርስ በርስ አይስማሙም፣ ወይ አንድ ሴቲንግ ሳይበራ ቀርቷል። ስለዚህ ሌላ ራም ልትገዙ ከመውጣታችሁ በፊት ከምታዩት ምልክት ተነሱ።

ራሙ ስሎቱ ውስጥ አልገባም ይላል

በፍጹም አትግፉት። ሁለቱ የራም ዓይነቶች፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5፣ ርዝመታቸው አንድ ነው፣ እግራቸውም እኩል 288 ነው። የሚለያቸው ከታች በወርቃማው መስመር መካከል ያለችው ክፍተት ናት። ራሙን ከስሎቱ በላይ ያዙትና ክፍተቷ ስሎቱ ውስጥ ካለው ጉብታ ጋር ትገጥም እንደሆነ እዩ። አዙራችሁም ካልገጠመች ዓይነቱ ሌላ ነው፤ መቀየር ብቻ ነው መፍትሄው።

ነገሩ የሚወሰነው በማዘርቦርዱ ነው። የኤኤምዲ ኤኤም4 ሶኬት (የፕሮሰሰሩ መቀመጫ) ያለው ቦርድ ዲዲአር4 ብቻ ይቀበላል፣ ኤኤም5 ደግሞ ዲዲአር5 ብቻ። ሰው የሚሳሳተው በኢንቴል ኤልጂኤ 1700 ላይ ነው። ይህ ሶኬት 12ኛ፣ 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮችን ይይዛል። ቦርዶቹ ግን አንዳንዱ ለዲዲአር4፣ አንዳንዱ ለዲዲአር5 ነው የተሠራው። ስማቸው ሊመሳሰል ስለሚችል ሞዴሉን እስከ መጨረሻዋ ፊደል አንብቡ። በተለይ ዕቃውን ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ በሰው የምታስመጡ ከሆነ የቦርዱን ሙሉ ሞዴል ፎቶ አንስታችሁ ላኩ፤ አንዴ ሻንጣ ውስጥ የገባ ዕቃ መመለሻ የለውም።

ሌላ ወጥመድም አለ። በርካሽ የተገኘ የሰርቨር ዲዲአር4 ራም ስሎቱ ውስጥ ጥሩ አድርጎ ይገባል፤ ኮምፒውተሩ ግን አይነሳም። ተለጣፊው ላይ ሬጂስተርድ የሚል ካያችሁ እለፉት።

ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር ነው

መጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ ተመልከቱ። ግራፊክስ ካርዱ ላይ መሰካት ሲገባው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ይገኛል። ይህ ደህና ከሆነ ዓይናችሁን ወደ ቦርዱ መልሱ። ብዙዎቹ ቦርዶች ጠርዛቸው ላይ አራት ጥቃቅን መብራቶች አሏቸው፦ ለፕሮሰሰር፣ ለራም፣ ለግራፊክስና ለዲስክ። የትኛው በርቶ እንደቀረ ማየት ግማሽ ምርመራ ነው።

የራሙ መብራት ከሆነና ቦርዱ ኤኤም5 ከሆነ፣ ዝም ብላችሁ ጠብቁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበራ ራሙን በራሱ እየሞከረ የሚስማማውን ልክ ይፈልጋል፤ ይህ ደቂቃዎች ይወስዳል። ራሙ ብዙ ጊጋ ከሆነ ደግሞ ይብሳል። ሰው ግን ይደነግጥና ያጠፋዋል፣ ሲያበራው ሥራው ከዜሮ ይጀምራል። 15 ደቂቃ ያህል ስጡት።

አሁንም ካልነሳ አጥፉ፣ የመብራት ገመዱን ንቀሉ፣ ራሞቹን አውጥታችሁ አንዱን ብቻ ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ስሎት ላይ መልሱ። ብዙ ቦርዶች ላይ ኤ2 ተብሎ ተጽፎበታል። ሁለቱንም ጫፍ ቀጥ አድርጋችሁ ተጫኑ፤ ቀጭ የሚል ድምፅ መስማት አለባችሁ። አንዳንድ ቦርድ መቆለፊያው በአንድ በኩል ብቻ ስለሆነ ሌላኛው ጫፍ የገባ መስሎ ትንሽ ከፍ ብሎ ይቀራል። በአንዱ ከተነሳ ሁለተኛውን ለብቻው ሞክሩት።

የፕሮሰሰሩ መብራት ከሆነ ግን ባዮሱ (ቦርዱ ላይ ያለው የማስነሻ ሶፍትዌር) አርጅቶ ሊሆን ይችላል። ቢ450 የሚባሉት የኤኤም4 ቦርዶች የወጡት በ2018 ነው፣ የኤኤምዲ ራይዘን 5000 ፕሮሰሰሮች የመጡት በ2020 መጨረሻ። ስለዚህ ባዮሱ ያልታደሰ ቢ450 ራይዘን 5 5600ን አያውቀውም። ከኋላ የባዮስ ፍላሽ ማድረጊያ ቁልፍ ያለው ቦርድ ከሆነ ቀላል ነው፦ ፋይሉን ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዳችሁ፣ በመመሪያው መሠረት ስሙን ቀይራችሁ፣ በፋት32 ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ ጫኑና ቁልፉን ተጫኑ። ሲታደስ መብራት እንዳይሄድ ዩፒኤስ ላይ ሰኩት። ቁልፉ ከሌለ የቆየ ፕሮሰሰር መዋስ ግድ ነው።

6000 ብዬ ገዛሁ፣ 4800 ያሳያል

አልተታለላችሁም። ካርቶኑ ላይ ያለው ፍጥነት በራሱ አይመጣም። ባዮስ ገብታችሁ ኤክስፖ ወይም ኤክስኤምፒ የሚለውን የራም ፍጥነት ሴቲንግ አብሩ፣ ሴቭ አድርጋችሁ ውጡ፣ ከዚያ ዊንዶውስ ታስክ ማናጀር ውስጥ ሜሞሪ የሚለው ላይ እዩት። ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ፕሮግራም የምትጠቀሙ ከሆነ ቁጥሩን በግማሽ ነው የሚያሳየው፤ 3000 ካለ 6000 ማለት ነው። በዚህ ስንት ሰው ሻጭ ጋር ተጣልቷል!

የኢንቴል ኤች610 ቦርድ ከያዛችሁ ግን ራም ማፍጠን አይፈቅድም። ለዲዲአር4 የተሠራው ከ3200 አያልፍም፤ 3600 ራም መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

ኤክስፖ ካበራሁ ወዲህ ጌም መሃል ይዘጋል

ስንት ራም ነው የሰካችሁ? አራት ከሆነ መልሱ እዚያው ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7000 በይፋ የሰጠው ልክ በሁለት ራም 5200፣ በአራት 3600 ነው። ሁለት ራም 6000 ላይ ብዙ ጊዜ ያለችግር ይሄዳል፣ አራት ግን ያስቸግራል። በተለያየ ጊዜ የተገዙ ሁለት ጥንዶችን መቀላቀልም እንዲሁ፤ ብራንዱ አንድ ቢሆን እንኳ ውስጡ ያለው ቺፕ ሊለያይ ይችላል።

ባዮሱን አድሱ፣ ካልሆነ ፍጥነቱን ወደ 5600 ዝቅ አድርጉ። ከዚያ ራም የሚፈትሸውን ፕሮግራም ሜምቴስት86ን በፍላሽ አስነስታችሁ ሌሊቱን ተዉት። ኤክስፖ ጠፍቶም ስህተት ካወጣ ያኔ ራሙ ሳይበላሽ አይቀርም፤ ዋስትና ካለው ይዛችሁ ሂዱ።

ጌሙ ይንቀረፈፋል

አንድ ባለ16 ጊጋ ራም ከሁለት ባለ8 ጊጋ ጋር እኩል አይደለም። ሁለቱ በሁለት መስመር ይሠራሉ። አራት ስሎት ባለው ቦርድ ላይ ጎን ለጎን ከሰካችኋቸው ግን ይህ ሊቀር ይችላል፤ ቦታቸው ኤ2 እና ቢ2 (ሁለተኛውና አራተኛው ስሎት) ነው። እንደ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ ለብቻው ግራፊክስ ካርድ የማይፈልግ ፕሮሰሰር ያላችሁ ልዩነቱን በዓይናችሁ ታዩታላችሁ።

ገና ልትገዙ ከሆነ

ሁለት ራም በአንድ ካርቶን ግዙ። ለኤኤም5 የእኔ ምርጫ 6000 ሲኤል 30 ነው፤ ሲኤል የራሙን መዘግየት የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከሌለ ሲኤሉን በ2000 አባዝታችሁ ለፍጥነቱ አካፍሉ፤ 10 ናኖሰከንድ አካባቢ ጥሩ ነው። የዲዲአር4ቱ 3200 ሲኤል 16ም እዚያው ነው፣ 5600 ሲኤል 40 ግን ከ14 ያልፋል። ከመክፈላችሁ በፊት የራሙን ሞዴል ቁጥር በቦርዱ አምራች የተሞከሩ ራሞች ዝርዝር ላይ ፈልጉት። ለውድ ቦርድ የምትጨምሩትን ብር ለግራፊክስ ካርዱ አድርጉት፤ ለብዙ ሰው ቢ650 የሚባለው የኤኤም5 ቦርድ ይበቃዋል። ትልቅ የአየር ኩለር ካላችሁ ደግሞ ባለመብራቱ ራም ከሥሩ መግባቱን በሚሊሜትር ለኩ።