በእንግሊዝኛ የጥያቄ ቃልና ንዑስ አንቀጽ ሲገናኙ የሚሠሩ ስህተቶች

«ሂ ኖውዝ ቱ ስዊም» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ በቀይ እንዳሰመርኩበት ቆጥሬ አልዘልቀውም። በአማርኛ «መዋኘት ያውቃል»፣ «መጻፍ ታውቃለች» ብለን ሌላ ቃል ሳንጨምር ስለምንጨርስ ተማሪው ያንኑ ወደ እንግሊዝኛ ይዞት ይሄዳል። «ኖው»ን ግን ችሎታን ሲገልጽ ንዑስ አንቀጽ (እንደ «ቱ ስዊም» ያለ፣ «ቱ» የሚቀድመው የግስ ቅርጽ) በቀጥታ አይከተለውም፤ «ሂ ኖውዝ ሃው ቱ ስዊም» ተብሎ «ሃው» በመካከል መግባት አለበት። «ለርን» እና «ቲች» «ሃው» ቢኖርም ባይኖርም ትክክል ናቸው። «ኤክስፕሌይን» ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለው፤ «ሾው ሚ ሃው ቱ ፊል ኢን ዚስ ፎርም» እንደምንለው «ኤክስፕሌይን ሚ» አይባልም፣ «ኤክስፕሌይን ቱ ሚ» ነው።

«የት እንደምሄድ አላውቅም» ለማለት «አይ ዶንት ኖው ዌር አይ ጎ» ብሎ የሚጽፍም ብዙ ነው። የአማርኛው «እንደምሄድ» ሁለት ሐሳብ በአንድ ስለሚሸከም ስህተቱ አይገርመኝም። መኪና ውስጥ ተቀምጠው ሌላ ሰው ወደማያውቁት ቦታ እየወሰደዎት ከሆነ «አይ ዶንት ኖው ዌር አይ አም ጎዪንግ» ይላሉ። መንታ መንገድ ላይ ቆመው የቱን እንደሚይዙ ከቸገረዎት ግን «አይ ዶንት ኖው ዌር ቱ ጎ» ነው፤ በዚህ አገባብ ንዑስ አንቀጹ «ይገባኛል» ወይም «ይሻለኛል» የሚለውን ትርጉም በውስጡ ይዟል።

«ሃው ቱ ኦፕን ዚስ ዶር?» ብላችሁ ሰው አትጠይቁ፤ ይህ የመመሪያ ርዕስ እንጂ ጥያቄ አይደለም፤ ጥያቄው «ሃው ዱ አይ ኦፕን ዚስ ዶር?» ነው። «ዋይ» ደግሞ ከሌሎቹ ይለያል፤ «አይ ዶንት ኖው ዋይ ቱ ጎ» አይባልም፣ «ዋይ አይ ሹድ ጎ» ይባላል። «ኢፍ ቱ ጎ» የሚባልም የለም፣ «ዌዘር ቱ ጎ» ነው።

አሁን ከሁሉም በላይ ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ፤ የጥያቄው ቃል የየትኛው ግስ እንደሆነ ሳያዩ መመለስ ነው። በአማርኛ «መቼ ለመሄድ ወሰንክ?» እና «ለመሄድ የወሰንከው መቼ ነው?» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ማንም አይስተውም፤ የመጀመሪያው የሚጠይቀው የመሄጃውን ቀን ነው፣ ሁለተኛው ውሳኔው የተወሰነበትን ቀን። እንግሊዝኛ ግን የጥያቄውን ቃል አንሥቶ ፊት ላይ ስለሚያስቀምጠው «ዌን ዲድ ዩ ዲሳይድ ቱ ጎ?» ሁለቱንም ሊሆን ይችላል፤ የሚለየው አውዱ ብቻ ነው። «ዌር ዲድ ሺ አስክ ቱ ዌይት?» ቢባልም እንዲሁ ነው፤ ጥያቄውን ያቀረበችበትን ቦታ ወይም ልትጠብቅበት የፈለገችውን ቦታ መጠየቅ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ በእንጀራ ሲመጣ አይቻለሁ። ነርስ የሆነች አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ውጭ አገር ሥራ አግኝታ ሳለ ከቀጣሪዋ «ዌን ዲድ ዩ አግሪ ቱ ስታርት?» የሚል አጭር መልእክት ደረሳት። እርሷ የተስማማችበትን ቀን የተጠየቀች መስሏት «መንዴይ» ብላ መለሰች፤ ያለፈው ሰኞ ማለቷ ነበር። ጠያቂው ግን የሚፈልገው ሥራ የምትጀምርበትን ቀን ስለነበረ የሚመጣውን ሰኞ መዘገበ። ሥራዋን ከአንድ ወር በኋላ እጀምራለሁ ብላ ዕቃዋን እንኳ ሳታሰናዳ፣ ሰኞ ጠዋት «የት ነሽ?» የሚል ስልክ ተደወለላት። ነገሩን በይቅርታ ብታቃናውም ያን ቀን ያለቀሰችውን ልቅሶ አልረሳውም። የጥያቄ ቃል ፊት ላይ ይቀመጣል ብዬ ካስተማርኳት በኋላ ከየት ተነሥቶ እንደመጣ ያላስተማርኳት እኔ ነበርኩ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሁለት መልስ በሙሉ ዓረፍተ ነገር አስጽፋለሁ፤ «አይ አግሪድ ላስት መንዴይ» እና «አይ አግሪድ ቱ ስታርት ኦን ዘ ፈርስት ኦፍ ሜይ»። በሙሉ ዓረፍተ ነገር የሚመልስ ሰው ጥያቄውን አሳስቶ ቢረዳው እንኳ ጠያቂው ወዲያው ያስተውላል። ጠያቂ ስትሆኑ ደግሞ «ዋት ስታርት ዴት ዲድ ዩ አግሪ ኦን?» ብላችሁ ጥርጣሬውን ከመጀመሪያው አጥፉት። ሌላ የጥያቄ ቃል በመካከል ከገባ ግን ሥጋት የለም፤ «ዌን ዲድ ዩ ዲሳይድ ዌር ቱ ጎ?» ሲባል «ዌን» ያንን «ዌር» ተሻግሮ «ጎ» ዘንድ ስለማይደርስ የሚጠየቀው የውሳኔው ጊዜ ብቻ ነው።

«መቼ ማጨስ አቆምክ?» ለማለት «ዌን ዲድ ዩ ስቶፕ ቱ ስሞክ?» የሚሉም አሉ፤ ይህ ለማጨስ ብለህ ከጉዞህ ወይም ከሥራህ የቆምከው መቼ ነው ማለት ነው። ማጨሱን የተወበትን ጊዜ የሚጠይቀው «ዌን ዲድ ዩ ስቶፕ ስሞኪንግ?» ነው። የእኛ «ማጨስ» ለ«ስሞኪንግ»ም ለ«ቱ ስሞክ»ም ስለሚያገለግል ጆሯችን ልዩነቱን አይሰማውም፤ ስለዚህ «ስቶፕ» ባለበት ሁሉ ከመጻፋችሁ በፊት የተቋረጠው ድርጊት ራሱ ማጨሱ መሆኑን ወይም ለማጨስ ሲባል ሌላ ነገር መቋረጡን ለዩ።