ዶላር፣ መብራት፣ ጾምና የቤት ኪራይ፦ የሰፈር ዳቦ ቤት የውጭውን ለውጥ እንዴት ይቋቋማል?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቅ 1 ዶላር 57 ብር ገደማ ነበር። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ዶላር በእጁ ነክቶ የማያውቅ ዳቦ ቤት እንኳ እርሾውና ዘይቱ የሚመጡት ከውጭ ስለሆነ ነገሩ ቤቱ ድረስ መጣበት። ከዚህ በታች ያለው አሠራር እንዲህ ያለ ለውጥ ሲመጣ ምን ያህል እንደሚጎዳዎት አስቀድሞ ለማወቅና ለመዘጋጀት ነው። የብሩ አኃዞች ለስሌት የተወሰዱ ምሳሌዎች ናቸው፤ በራስዎ ዋጋ ይተኳቸው። ልብስ ስፌትም ሆነ ጋራዥ ያለው ሰው ዱቄቱን በጨርቅ ወይም በመለዋወጫ ቀይሮ ሊሠራበት ይችላል።

1. የአንድ ኩንታል ዱቄት ሙሉ ወጪ ይጻፉ

100 ኪሎ ዱቄት፣ 58 ሊትር ያህል ውሃ፣ 1 ኪሎ ደረቅ እርሾ፣ 1.5 ኪሎ ጨውና 1 ሊትር ዘይት 160 ኪሎ ገደማ ሊጥ ይወጣቸዋል። ዳቦው ሲጋገር ከ10 እስከ 13 በመቶ ክብደት ስለሚያጣ፣ 100 ግራም ዳቦ ለማውጣት ሊጡ 115 ግራም ሆኖ ይቆረጣል። የሚባክነው ተቀንሶ 1,375 ያህል ዳቦ ይገኛል።

ወጪው፦ ዱቄት 8,000፣ እርሾ 600፣ ዘይት 300፣ ጨው 100፣ መብራት 600፣ ደመወዝ 1,200፣ ኪራይ 1,000፣ ማጓጓዣ 200። ድምሩ 12,000 ብር ነው። አንዱን ዳቦ በ10 ብር ቢሸጡ 13,750 ይገባል፤ ትርፉ በኩንታል 1,750 ብር ይሆናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚስተው ደመወዝንና ኪራይን “የወር ወጪ ነው” ብሎ ከስሌቱ ሲያወጣ ነው። በወር ስንት ኩንታል እንደሚጋግሩ ቆጥረው ያካፍሏቸው።

2. እያንዳንዱ ወጪ ከምን ጋር እንደታሰረ ይለዩ

ከእያንዳንዱ ወጪ አጠገብ አንድ ቃል ይጻፉ፦ ዶላር፣ ነዳጅ፣ መብራት፣ ወቅት ወይም ውል። እርሾና ዘይት ዶላር ናቸው። ዱቄቱ ግን መጠየቅ አለበት። ወፍጮ ቤቱ የሚፈጨው ያገር ውስጥ ስንዴ ነው ወይስ የውጭ? ያገር ውስጥም ቢሆን ማዳበሪያውና ማጓጓዣው ዋጋውን ይጎትቱታል።

አሁን ይሞክሩት። ዶላር 30 በመቶ ቢጨምርና ዱቄቱ የዚያን ግማሽ ብቻ ቢከተል፣ እርሾና ዘይት 270፣ ዱቄት 1,200 ብር ይጨምራሉ። መብራት 20 በመቶ ቢጨምር ሌላ 120። ከ1,750 ብር ትርፍ የሚቀረው 160 ብር ነው።

አንድ ጥንቃቄ፦ ምንዛሪ በእጥፍ ሲጨምር ዕቃ ሁሉ በእጥፍ አይጨምርም። ከ2016ቱ ለውጥ በፊት ብዙ አስመጪ ዋጋ የሚተምነው በባንክ ሳይሆን በጥቁር ገበያው ምንዛሪ ነበርና፣ ጭማሪው አስቀድሞ ዕቃው ላይ ገብቶ ነበር። ስለዚህ አቅራቢዎ የሚያሰላው በየትኛው ምንዛሪ እንደሆነ ሳያውቁ በድንጋጤ ዕቃ አያከማቹ።

3. በገዙበት ሳይሆን በሚተኩበት ዋጋ ያስቡ

ከሁሉም በላይ ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው። 10 ኩንታል በ8,000 ሂሳብ በ80,000 ብር ገዙ እንበል። ጋግረው ሸጡና 17,500 ብር ትርፍ አገኙ። ተመልሰው ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ኩንታሉ 9,200 ሆኗል። በ80,000 ብርዎ የሚያገኙት 8 ኩንታል ከ70 ኪሎ ነው። መጋዘኑን እንደነበረ ለመሙላት 12,000 ብር ከትርፉ መውጣት አለበት። ትርፍ ብለው ከቆጠሩት 17,500 ውስጥ የእርስዎ የሆነው 5,500 ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ሳያዩ እቁብ የከፈሉበትና ድግስ የደገሱበት ገንዘብ የዱቄት ገንዘብ ነበር።

መፍትሔው ወዲያውኑ ዋጋ መስቀል ይመስላል፤ እሱም የራሱ ጣጣ አለው። ከምንዛሪው ለውጥ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ያለምክንያት ዋጋ ጨምረዋል የተባሉ ብዙ ሱቆች ታሽገዋል። የሚያዋጣው መንገድ ይህ ነው፦ የግዢ ደረሰኝ በቀን ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፣ ዋጋዎን ግድግዳ ላይ ይለጥፉ፣ አዲሱ ዕቃ በአዲስ ደረሰኝ ሲገባ ዋጋ ያስተካክሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ከካዝናው ትርፍ አያውጡ።

በባንክ ብድር እሞላዋለሁ ማለትም አስተማማኝ አይደለም። ነሐሴ 2015 ላይ ብሔራዊ ባንክ የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ሲያደርግ፣ ትንንሽ ተበዳሪዎች ከሰልፉ መጨረሻ ነበሩ። ቢያንስ የሁለት ሳምንት ዱቄት መግዣ በእጅ ይኑር። ዱቄቱን ራሱን ከሁለት ወር በላይ ማከማቸት አይመከርም፤ ነቀዝ ይገባዋል፣ “ደበቀ” የሚልም ይመጣል። ያለውንም ከወለል 10 ሴንቲ ሜትር በሚያህል የእንጨት ርብራብ ላይ፣ ከግድግዳ አርቀው ይደርድሩት።

4. መስመሩን ከመጨነቅዎ በፊት ያስምሩ

በኩንታል ከ1,000 ብር ትርፍ በታች አልሠራም ካሉ፣ ሌላው ወጪ ሳይነካ ዱቄቱ 8,750 ሲደርስ መስመርዎ ላይ ነዎት። ያን ቀን ምን እንደሚያደርጉ ዛሬ ይጻፉ። ከ10 ወደ 12 ብር መውጣት የ20 በመቶ ጭማሪ ነውና ደንበኛ ይሸሻል። ወደ 11 መውጣት ይሻላል፤ የመልሱን ጣጣ ቴሌብር ያቀልለዋል። ዋጋው ሳይነካ ግራሙን በዝምታ መቀነስ ግን የመጨረሻው መጥፎ ምርጫ ነው። ተቆጣጣሪ ሚዛን ይዞ ይመጣል፤ ደንበኛም በእጁ ይመዝነዋል።

5. መብራት

ታሪፉ ከመስከረም 2017 ጀምሮ በየሦስት ወሩ፣ ለአራት ዓመት እንዲጨምር ሆኖ የተያዘ ስለሆነ እንደ ድንገተኛ ነገር አይዩት፤ በየሩብ ዓመቱ ስሌቱን ያድሱ።

መቋረጡ ነው ከባዱ። የቦካ ሊጥ ኦቨን እየጠበቀ ሲቆይ ከመጠን በላይ ይነፋል፣ ይሆመጥጣል፣ ሲጋገርም ይተኛል። መብራት በሚዋዥቅበት ሰሞን በአንዴ 50 ኪሎ ከማቡካት 25 ኪሎ ያቡኩ፤ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠቀሙ፤ እርሾውንም በአንድ ሦስተኛ ይቀንሱ። ሊጡ ይዘገያል፣ ነገር ግን ይጠብቅዎታል። ለጄኔሬተር የሚወጣውን ናፍጣ ለብቻ ይመዝግቡ፤ ከመብራት ጋር ከተቀላቀለ የትኛው እንደጎዳዎት አያውቁም።

6. ጾምና በዓል

ቀኑ አስቀድሞ ይታወቃል፣ ሆኖም በየዓመቱ ኬክ የሚጣልበት ቤት አይጠፋም። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ቅቤና እንቁላል ያለበት ኬክ ይቀዘቅዛል። ከሳምንት በፊት የቅቤና የእንቁላል ትእዛዝ ቀንሰው ወደ ዘይት ኬክ ይዙሩ፤ የኦቨን ጥገናና የሠራተኛ ዓመት ፈቃድም እዚህ ላይ ያውሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ይገባል፤ ሽያጩም ወደ አፍጥር ሰዓት ይሸጋገራል። በ2017ም በ2018ም የሁለቱ መግቢያ በአንድ ሳምንት ውስጥ ነው የዋለው፤ ጠዋት የሚጋግር ሠራተኛን ወደ ከሰዓት ማዛወር የግድ ነው።

7. ቤቱና መንገዱ

በ2016 የወጣው የቤት ኪራይ አዋጅ የሚመለከተው መኖሪያ ቤትን እንጂ ሱቅን አይደለም። ስለዚህ መከላከያዎ ውልዎ ብቻ ነው፦ ስንት ዓመት፣ ጭማሪው በዓመት ከስንት በመቶ እንዳያልፍ፣ ለመልቀቅ ስንት ወር ማስጠንቀቂያ። ከመፈረምዎ በፊት ቦታው በመንገድ ወይም በኮሪደር ልማት ይነካ እንደሆነ ክፍለ ከተማ ጠይቁ። ባለሦስት ፌዝ ቆጣሪ (ለትልቅ ኦቨን የሚሆን ኃይል የሚሰጥ የመብራት ቆጣሪ) ወደ ሌላ ቤት ማዛወር ጊዜ ይወስዳል፤ በዚያ ጊዜ ኦቨኑ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

8. ለውጡ የከፈተውን ክፍተት በትንሹ ይሞክሩ

የውጭ ብስኩት ሲወደድ ያገር ቤት ኩኪስ ቦታ ያገኛል። ግን ስኳሩና ማርጋሪኑም ዶላር ሊሆኑ ስለሚችሉ የመጀመሪያውን ስሌት ለዚህም ይሥሩት። ከዚያ ማሽን ሳይገዙ፣ ባለው ኦቨን በሳምንት 20 ኪሎ ዱቄት ለአራት ሳምንት ይጋግሩና ከአምስት ሱቅ ጋር ይሞክሩ። ሱቆቹ በዱቤ ብቻ ከወሰዱ ፍላጎቱ ገና አልተረጋገጠም። በሦስተኛው ሳምንት በጥሬ ገንዘብ ደግመው ያዘዙትን ይቁጠሩ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ካልሆኑ ወደ ዳቦዎ ይመለሱ።