መኪናው እየሄደ ድንገት ሲጠፋ፦ መንስኤውን ከአጠፋፉ መለየት

ጎማ ሲተነፍስ ይታያል። ራዲያተር ሲያፈስ መሬቱ ይረጥባል። አንዴ እየጠፋ አንዴ እየተነሳ የሚያስቸግር ሞተር ግን ጋራዥ በር ላይ ሲደርስ ጤነኛ ይሆናል። መካኒኩ ያስነሳዋል፣ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጠዋል፣ "ምንም የለበትም" ይላል። ከዚያ ግምት ይጀመራል። መጀመሪያ ካንዴላ (ነዳጁን የሚያቃጥለውን ብልጭታ የሚሰጠው ዕቃ) ይቀየራል። ቀጥሎ ፊልትሮ። ቀጥሎ ከሶማሌ ተራ የመለዋወጫ ገበያ ቦቢና (ለካንዴላው ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚሰጠው ጠመዝማዛ) ይመጣል። ገንዘቡ ያልቃል፣ መኪናው ግን ሰኞ ጠዋት መገናኛ ላይ ተመልሶ ይቆማል።

ይህን ማስቀረት ይቻላል። ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ምን እንደጎደለው እወቁ። ሞተር ለመሥራት እሳት፣ ነዳጅና አየር ይፈልጋል። ሲጠፋ ከሦስቱ አንዱ ተቋርጦበታል ወይም ልኩን ስቷል። የትኛው እንደሆነ በደንብ የሚታወቀው በጠፋበት ደቂቃ ነው።

እዚህ የማወራው በአብዛኛው ስለ አሮጌ ኮሮላዎች ነው። እነ 4ኤ-ኤፍኢ እና 5ኤ-ኤፍኢ ሞተር ያላቸውን የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መኪኖች ማለቴ ነው። ካርቡሬተር (ነዳጅና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ላላቸው የኮሮላ ዲኤክሶችም ቦታ አለኝ። የሌላ ፋብሪካ መኪና ካላችሁም አካሄዱ ያው ነው።

በመጀመሪያ ደህንነት

ሞተሩ እየሄደ ከጠፋ መሪው ይከብዳል። ፍሬኑም ከአንድ ሁለት ጊዜ መርገጥ በኋላ ይደነድናል። ፍሬን የለም ማለት አይደለም፣ ጠንክራችሁ ርገጡት። የአደጋ መብራት አብሩና ዳር ያዙ። መኪናው ሳይቆም ቁልፉን አትንቀሉ፣ መሪው ሊቆለፍ ይችላል።

እንዴት ነው የሚጠፋው?

መካኒክ ይህን ሳይጠይቃችሁ ኮፈን ከከፈተ እናንተው ንገሩት።

እንደ አምፖል ድርግም ካለ፣ ሳይንገራገጭና ሳያስጠነቅቅ፣ ጥርጣሬው ኤሌክትሪክ ላይ ነው። መጀመሪያ ጉልበት ካጣ፣ ከተንገጫገጨ፣ ነዳጅ ስትረግጡ ታንቆ ታንቆ ከጠፋ፣ ነዳጅ አልደረሰውም ማለት ነው። በመንገድ ላይ ደህና ሆኖ የትራፊክ መብራት ላይ ስትቆሙ ብቻ ዙሩ ወርዶ ከጠፋ፣ ችግሩ ሚኒሞው (ነዳጅ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) ላይ ወይም የአየር መግቢያው ላይ ነው።

ዳሽቦርዱም ይናገራል። ሞተር ጠፍቶ ቁልፉ ክፍት ከሆነ የባትሪና የዘይት መብራቶች መብራት አለባቸው። ካልበሩ ኤሌክትሪኩ ከሥሩ ተቋርጧል። የባትሪ ተርሚናል፣ ከባትሪው ወደ ቦዲውና ወደ ሞተሩ የሚሄደው ማሳ (የኔጌቲቭ ገመድ)፣ ዋናው ፊውዝ፣ ወይም የቁልፉ ማብሪያ ነው። ሞተሩ እየሠራ ቁልፉን ቀስ ብላችሁ ነቅነቅ አድርጉት። ከጠፋ አገኛችሁት ማለት ነው። ከባድ የቁልፍ ማያያዣ ለዓመታት ያንጠለጠላችሁ ሰዎች ይህን ቀድማችሁ ሞክሩ።

የሞተር ዙር የሚያሳይ መርፌ ካላችሁ ሌላ ጥሩ ፍንጭ አለ። መኪናው ማርሽ ውስጥ ሆኖ፣ ጎማው ሞተሩን ገና እያዞረው ሳለ መርፌው ዜሮ ላይ ዱብ ካለ፣ የእሳቱ ምልክት ተቋርጧል። ከመኪናው ፍጥነት ጋር ቀስ እያለ ከወረደ ነዳጁን ጠርጥሩ።

ጠፍቶ እያለ የሚደረግ ምርመራ

ብዙ ሰው ሲጠፋበት ደጋግሞ ለማስነሳት ይታገላል። ሲነሳለት ተመስገን ብሎ ይሄዳል። ያቺን ጊዜ አታባክኗት። መኪናው ውስጥ አንድ የሚሠራ ካንዴላና እጀታው በደንብ የተሸፈነ ፒንሳ ያዙ። አንዱን የካንዴላ ገመድ ነቅላችሁ ትርፉ ካንዴላ ላይ ሰኩት። የካንዴላውን ብረት ከሞተሩ ብረት ጋር አስነኩና አንድ ሰው ለአፍታ ቁልፉን ያዙር። ነጭ ወይም ሰማያዊ ብልጭታ ካለ እሳት አለ። ከሌለ ወይም ቀይና ደካማ ከሆነ የምትፈልጉት እሳቱ ጋ ነው። የቤንዚን ሽታ ካለ ይህን ፈጽሞ አትሞክሩ።

እሳት ካለ ወደ ነዳጁ እለፉ። በነዚህ ቶዮታዎች ቁልፍ ስለተከፈተ ብቻ ፓምፑ ላይሰማ ይችላል፣ ሞተሩ ሲዞር ነው የሚሠራው። ስለዚህ አንዱ ቁልፍ ሲያዞር ሌላው በታንከሩ በኩል ያዳምጥ። ኮፈን ሥር ያለችው የምርመራ ሳጥን ካለቻችሁ ደግሞ ኤፍፒ (FP) እና ፕላስ ቢ (+B) የሚሉትን ቀዳዳዎች በትንሽ ሽቦ አገናኙና ቁልፉን ክፈቱ። ፓምፑ ማጉረምረም አለበት። በዚህ ጊዜ ሠርቶ በራሱ ጊዜ ግን ካልሠራ፣ ጥፋቱ ፓምፑ ላይ ሳይሆን የሚያዘው ሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ወይም ሽቦው ላይ ነው። ይህች አንዲት ሙከራ የማያስፈልግ ፓምፕ ከመግዛት ታድናለች።

እዚያችው ሳጥን ላይ ቲኢ1 (TE1) እና ኢ1 (E1) ሲገናኙ፣ ቁልፉ ተከፍቶ ሞተሩ ሳይነሳ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ እያለ ቁጥር ይቆጥራል። አንድ ጊዜ ብልጭ ብሎ፣ ትንሽ ቆይቶ ሁለት ጊዜ ካለ 12 ነው። 12 እና 13 የሞተሩ መዞር ምልክት ለኮምፒውተሩ እንዳልደረሰ ይናገራሉ። 14 የእሳቱ መልስ ምልክት እንደጠፋ ይናገራል። ሳያቋርጥ እኩል እኩል ብልጭ ካለ የተመዘገበ ጥፋት የለም። እባካችሁ ከዚህ በፊት ባትሪ አትንቀሉ። "ነቅለህ መልሰው" የሚለው ምክር መረጃውን ሁሉ ይደመስሰዋል።

ሲሞቅ የሚጠፋ፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ

ከሁሉ የሚያደክመው ይህ ነው። ግማሽ ሰዓት ደህና ይሄዳል፣ ይጠፋል፣ ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ ምንም እንዳልሆነ ይነሳል።

እሳት ከሌለ ሦስት ተጠርጣሪ አለ፦ ቦቢናው፣ እሱን የሚያዘው ኢግናይተርና ዲስትሪቢዩተሩ (እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለው ዕቃ) ውስጥ ያለው ምልክት ሰጪ ጠመዝማዛ ሽቦ። ውስጣቸው ያለው የተሰነጠቀ ሽቦ ወይም ብየዳ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገናኛል። በአንዳንዱ 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ቦቢናው ራሱ ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ይበዛበታል። ጋራዥ ውስጥ ቀዝቃዛ መኪና ላይ ጥፋቱን ለማውጣት የጸጉር ማድረቂያ ይበቃል። ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የጠረጠራችሁትን ዕቃ ብቻ አሙቁት። ከጠፋ ያዛችሁት። ለኢግናይተርና ለሪሌ በጣም ይሠራል።

አሮጌ ዕቃ ከሶማሌ ተራ ስትገዙ ግን አስቡበት። እሱም ከእናንተው ዕቃ ጋር እኩል ያረጀ ነው። ቢቻል የሚሠራ ተመሳሳይ መኪና ካለው ወዳጅ ተውሳችሁ ለጥቂት ቀን ሞክሩ፣ ከዚያ ግዙ። ካልሆነም ሻጩ ካልሠራ እንዲመልስላችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ።

እሳቱ ደህና ሆኖ ነዳጅ ከጠፋ መንገዱ ሌላ ነው። ዓባይ በረሃ ለዚህ ጥሩ ፈተና ነው። ከጎሃ ጽዮን ከ1,000 ሜትር በላይ ትወርዳላችሁ፣ ከዚያ በሙቀት ወደ ደጀን መልሳችሁ ትወጣላችሁ። ደካማ ፓምፕና የተደፈነ ፊልትሮ ከተማ ውስጥ ተደብቀው ይኖሩና እዚያ ዳገት ላይ ይጋለጣሉ። የታንከሩ ዝቃጭ የፓምፑን ወንፊት ሲደፍነው ሞተሩ ይታነቃል። አምስት ደቂቃ ስትቆሙ ዝቃጩ ይወርድና ይነሳል። መፍትሄው ታንከሩን አውርዶ ማጠብና ወንፊቱን ከፊልትሮው ጋር መቀየር ነው። ታንከር ሳይታጠብ ፓምፕ መቀየር አዲሱን ፓምፕ መግደል ነው። ግፊቱን ማስለካት ከቻላችሁ፣ የግፊት መቆጣጠሪያው የቫኩም ቱቦ ተነቅሎ ከ2.7 እስከ 3.1 ባር አካባቢ መሆን አለበት። የሚለካው ደግሞ ሞተሩ ሙቅ ሆኖ ነው።

ነዳጅ በታጣ ሰሞን ሁልጊዜ በባዶ ታንከር ጫፍ የሚነዳ ሰው ፓምፑን እያሳጠረ ነው። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው በቤንዚኑ ነው። በጀሪካን የተገዛ ነዳጅ ደግሞ ውሃና አቧራ ይዞ ይመጣል፣ ቢያንስ አቧራውን በጨርቅ አጥልሉት።

አንድ ነፃ ሙከራም አለ። ሲጠፋ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ። አየር በኃይል ወደ ውስጥ ሲሳብ ከሰማችሁና ሞተሩ ወዲያው ከተነሳ፣ የክዳኑ ወይም የታንከሩ መተንፈሻ ተደፍኗል።

ዲኤክስ ላይ

ካርቡሬተር ባለው መኪና ቤንዚኑ መስመሩ ውስጥ ፈልቶ እንፋሎት ይሆናል፣ ፓምፑም እንፋሎት መግፋት አይችልም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ ነው፣ ቤንዚንም ቶሎ ይፈላል። ፓምፑ ላይ ውሃ ማፍሰስ ለጊዜው ያስነሳል፣ ግን የጋለ ብረት ሊሰነጥቅ ይችላል። የነዳጅ ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቁ። ከፓምፑና ከካርቡሬተሩ ሥር ያለውን ሙቀት ከልካይ ወፍራም ጋስኬት መልሱ፣ ብዙ ጊዜ በቀጭን ወረቀት ተተክቶ ይገኛል።

ሚኒሞ ላይ ብቻ ከጠፋ ካርቡሬተሩ ላይ ሽቦ የተሰካባትን ትንሽ ቫልቭ እዩ። ቁልፍ ሲከፈት ጠቅ ማለት አለባት። ካላለች ኤሌክትሪክ አልደረሳትም ወይም ሞታለች። ስለእሷ ተብሎ ስንት ካርቡሬተር ያለጥፋቱ ተፈቷል።

የትራፊክ መብራት ላይ ብቻ የሚጠፋ

እዚህ ነገሩ ይቀላል። ትሮትል ቦዲውንና (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር የሚቆጣጠረውን በር) የሚኒሞ ቫልቩን በካርብ ክሊነር እጠቡ፣ ጥቀርሻ ነው የሚያስቸግረው። የተሰነጠቁ የአየር ቱቦዎችን በእጅ እየዳበሳችሁ ፈልጉ። ፍሬን ስትረግጡ ብቻ ከጠፋ ሰርቮው (የፍሬን ማገዣው) አየር ያስገባል። የሰርቮውን ቱቦ ሞተሩ ጋ ነቅላችሁ በሞተሩ በኩል ያለውን ጫፍ ድፈኑ፣ ቆማችሁ ብቻ ሞክሩ። ካልጠፋ ታውቋል። ሚኒሞውን በቡሎን ከፍ አድርጎ መሸፋፈን ግን አልደግፍም። ነዳጅ ይበላል፣ ጥፋቱም ሥር ይሰዳል።

በኋላ የተገጠሙ ነገሮች

ፋብሪካው ያልገጠመውን ሁሉ ጠርጥሩ። አላርም፣ ለሌባ ተብሎ የተደበቀ ማብሪያ፣ ሞተር የሚያጠፋ ጂፒኤስ። አብዛኞቹ የፓምፑን ወይም የእሳቱን ሽቦ ቆርጠው መሃል ይገባሉ። ያ መጋጠሚያ በፕላስተር ብቻ ተጠቅልሎ ከሆነ በየጉድጓዱ ይነቃነቃል። ጥሩ ኤሌክትሪሺያን መስመሩን እንደ ጥንቱ ያገናኝና ለተወሰነ ቀን ሞክሩት። እኔ ብሆን ድርግም ብሎ የሚጠፋ መኪና ላይ ቦቢና ከመግዛቴ በፊት ከዚህ እጀምራለሁ።

ከተጠገነ በኋላ ጋራዡ በር ላይ አስነስታችሁ ብቻ አትቀበሉ። መጀመሪያ በጠፋበት ሁኔታ ንዱት። ከሰዓት በኋላ በሙቀት ዳገት ላይ ይጠፋ ከነበረ፣ በዚያው ሰዓት እንጦጦን ውጡ። ትርፉ ካንዴላና ፒንሳው ግን መኪናው ውስጥ ይቆዩ።