የቡና ጥላ ዛፎችን ዘር ከቆባው ለቅሞ ችግኝ ማፍላት

በጅማ ዙሪያ፣ በማናም ሆነ በጎማ ወረዳ፣ ቡና የሚያለማ ሰው ስለ ጥላ ሲያስብ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው በብርብራ፣ በሰሳና በበዝራ ግራር ላይ ነው። ሦስቱም ከአተርና ከባቄላ ጋር አንድ ወገን ናቸው፤ ዘራቸውን በቆባ ውስጥ አቅፈው ያሳድጋሉ፣ በሥራቸው ላይ በሚኖሩ ባክቴሪያዎች አማካይነትም ናይትሮጂንን ከአየር ወስደው አፈሩን ያለማሉ። ይህን ሁሉ እያወቅን ብዙዎቻችን ችግኝ ጣቢያ ሄደን ግራቪሊያ ይዘን እንመለሳለን፤ ግራቪሊያ መጥፎ ዛፍ ሆኖ ሳይሆን የብርብራና የሰሳ ችግኝ እንደ ልብ ስለማይገኝ ነው። ስለዚህ የሚሻለው መንገድ ዘሩን ራስ ለቅሞ ራስ ማፍላት ነው። ሥራው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ጊዜውን መጠበቅ ነው፣ የጊዜው ምልክት ደግሞ ያለው በቆባው ላይ ነው።

ቆባውን ቀረብ ብሎ መመልከት የሥራው መጀመሪያ ነው። አንድ የብርብራ ቆባ በእጅዎ ቢይዙ ከስንዝር የማያንስ፣ ጠፍጣፋ፣ ጠንካራ እንጨት መሰል፣ ላዩ ቡናማ ጠጉር የለበሰና ሲነኩት እንደ ከፋይ የሚለሰልስ ሆኖ ያገኙታል። በሁለቱ ዳሮቹ እንደ ስፌት የሚሄዱ መስመሮች አሉ። በግድግዳው ውስጥ ያሉት ጭረቶች በሰያፍ የተጋደሙ በመሆናቸው ቆባው እየደረቀ ሲሄድ እያንዳንዱ ገጽ ለመጠማዘዝ ይታገላል፣ ስፌቱም ይይዘዋል፤ ትግሉ ከስፌቱ አቅም በላይ ሲሆን ቆባው በድንገት ጮኾ ይሰነጠቃል፣ ሁለቱም ገጾች እየተጠማዘዙ ዘሩን ርቆ እንዲወድቅ ያስፈነጥሩታል። የሰሳ ቆባ ግን እንደ ወረቀት የሳሳ ስለሆነ በዘለላ ተንጠልጥሎ በነፋስ ይንኮሻኮሻል። በኦሮምኛ ብርብራን ሶተሎ፣ ሰሳን ሙካ አርባ፣ ግራርን ላፍቶ እንደሚሏቸው ማወቅ ይጠቅማል፤ ዛፍ ሲያፈላልጉ አካባቢው የሚያውቃቸው በእነዚህ ስሞች ነውና።

በጅማ ቆባዎች የሚደርቁት በአብዛኛው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆንም ዛፍ ከዛፍ፣ ደጋው ከወይና ደጋው ስለሚለያይ ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ዛፉን መከታተል ይሻላል። ለዘር የሚመርጡት ዛፍ ጤናማ፣ አቋሙ ያማረና ጥላው የተስፋፋ ይሁን፤ ብቻውን ሜዳ ላይ ከቆመ ዛፍ ይልቅ መሰሎቹ በአቅራቢያው ካሉት ይውሰዱ። ከአንድ ዛፍ ብቻ መልቀም ስንፍና ነው፤ ሁሉም ችግኞች የአንድ እናት ልጆች ስለሚሆኑ ያንዱ ድክመት የሁሉም ይሆናል። አንዱ ከሌላው መቶ ሜትር ያህል ከተራራቁ በርከት ካሉ ዛፎች ትንሽ ትንሽ መውሰድ ይገባል።

አንድ ቆባ ፈልቅቀው ዘሩን በጥፍርዎ ይጫኑት፤ ጥፍር የሚያስገባና ውኃ የሚያወጣ ከሆነ አልደረሰም። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ቸኩዬ ገና አረንጓዴ የሆነ የሰሳ ቆባ በጆንያ ሙሉ ለቅሜ ነበር፤ ሲደርቅ ዘሩ ተጨማዶ እንደ ገለባ ቀለለ፣ ከዘራሁትም አንድ ስንኳ አልበቀለም። የደረሰ ቆባ ቀለሙ ወደ ቡናማ ይለወጣል፣ የሰሳውን ሲያወዛውዙት ዘሩ ውስጡ ይንሿሿል፣ ሲቆርጡት ዘሩ ጠጣርና ውስጡ ነጣ ያለ ሆኖ ይገኛል። የብርብራን ቆባ ግን ቡናማ ከሆነ በኋላ ብዙ ቀን ማሳደር አይቻልም፣ ቀድሞ ይፈነዳል።

ለመልቀም ከዛፉ ሥር ሸራ ያንጥፉና ጫፉ ቆልማማ በሆነ ረጅም ዘንግ ቆባውን ያራግፉ። ቅርንጫፍ መቁረጥ የሚቀጥለውን ዓመት ፍሬ መቁረጥ ስለሆነ አይደረግ። መሬት ላይ ወድቆ የሰነበተውን ተዉት፤ አብዛኛውን ጊዜ ነቀዝ ገብቶበታል።

ለማድረቅ ሥራ የፈታ የቡና ማድረቂያ አልጋ በጣም ይመቻል። የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ቀን በጥላ፣ ከዚያ በፀሐይ ያድርቁት። ብርብራን ሲያደርቁ ላዩን በሸራ ወይም በመረብ መሸፈን ግዴታ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ እየተንጣጣ መፈንዳት ይጀምርና ያልተሸፈነ ከሆነ ዘሩ በግቢው ሁሉ ይበተናል። የሰሳንና የግራርን ቆባ በጆንያ ከተው በዱላ ቀስ ብለው ከወቁት በኋላ በሰፌድ ያንገዋሉት። የሰሳ ዘር አንድ ኪሎው ከ10,000 ፍሬ በላይ ስለሚሆን ለአንድ ቤተሰብ ማሳ እፍኝ ያህል ከበቂ በላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለኝ። የብርብራ ዘር ሮቴኖን የሚባል መርዝ አለው፤ በአገራችን ዱቄቱ ወንዝ ውስጥ ተበትኖ ዓሣ ለማደንዘዝ ሲያገለግል የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘሩ ሕፃናትና ዶሮዎች ከማይደርሱበት ይቀመጥ፣ ከሠሩ በኋላ እጅ ይታጠብ፣ የተነከረበትም ውኃ ወደ ምንጭ ወይም ወደ ወንዝ አይደፋ።

ዘሩን አንድ በአንድ ይልቀሙት። ክብ ቀዳዳ ያለበት የነቀዝ ሲሳይ የሆነ ነውና ይጣል፤ የቀረውን ውኃ ውስጥ ሲጨምሩት የሚንሳፈፈው አብዛኛው ባዶ ነው። ወዲያው የማይዘራው ሳይነከር በደንብ ደርቆ፣ ክዳኑ በሚጠብቅ ጠርሙስ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ በሆነ ቦታ ይቀመጥ። ብርብራን ግን ባያስቀምጡት እመክራለሁ፤ ትኩሱን መዝራት ይሻላል።

ከመዝራት በፊት ያለው ዝግጅት እንደ ዘሩ ቆዳ ይለያያል። ብርብራ ምንም አይፈልግም። ትኩስ የሰሳ ዘርም እንዲሁ ነው፣ የከረመ ከሆነ ግን ቆዳው በጥቂቱ መቆረጥ አለበት። የበዝራ ግራር ቆዳ ውኃ ስለማያስገባ ከሁለት አንዱ ዘዴ ያስፈልገዋል። ጥቂት ዘር ከሆነ በጥፍር መቁረጫ ከእምብርቱ (ከቆባው ጋር ተያይዞ ከነበረበት ነጥብ) ተቃራኒ ባለው ጫፍ ላይ ቆዳውን ብቻ በጥቂቱ መቁረጥ ነው። ብዙ ከሆነ ደግሞ የዘሩን አምስት እጥፍ የሚሆን ውኃ አፍልተው ከእሳት ያውርዱ፣ ዘሩን ይጨምሩበትና በዚያው ውኃ እየቀዘቀዘ ይደር። ዘሩን እሳት ላይ ማፍላት ይገድለዋል። ጠዋት ያበጠው ይዘራል፣ ያላበጠው እንደገና ይደገምለታል።

የችግኝ ላስቲኩን በሦስት እጅ አፈር፣ በሁለት እጅ ብስባሽና በአንድ እጅ አሸዋ ይሙሉ፤ ከዚያ ከእናት ዛፉ ሥር የተወሰደ አንድ እፍኝ አፈር በእያንዳንዱ ባልዲ ድብልቅ ላይ ይጨምሩ፣ ናይትሮጂን የሚያመጡት ባክቴሪያዎች በውስጡ ስለሚገኙ። ዘሩን የራሱን ውፍረት ሁለት እጥፍ በሆነ ጥልቀት ይቅበሩና በሣር ጥላ ይከልሉት፤ እስኪበቅል ድረስ ጠዋትና ማታ በቀስታ ያጠጡ። በጥር የተዘራ ችግኝ የሰኔና የሐምሌ ዝናብ ሲመጣ ለመተከል ይደርሳል። ለመትከል አንድ ወር ሲቀረው ጥላውን ቀስ በቀስ ያንሱ፣ ውኃውንም ይቀንሱ፤ ተሞላቅቆ ያደገ ችግኝ ማሳ ላይ ሲወጣ ይደነግጣል።

ከመትከልዎ በፊት ከትርፎቹ አንዱን ችግኝ ይምረጡና አፈሩን በውኃ አጥበው ሥሩን ያውጡ። በቀጫጭኑ ሥሮች ላይ የተለጠፉ ትንንሽ እብጠቶችን ሲያገኙ አንዱን በጥፍርዎ ይክፈቱት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀይ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን ጀምረዋል። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም እብጠቱ ጭራሽ ከሌለ፣ ከእናት ዛፉ ሥር እንደገና አፈር አምጥተው በየላስቲኩ ላይ ይነስንሱ፤ ችግኞቹንም ሲተክሉ ከዚያው አፈር ጥቂት በየጉድጓዱ ይጨምሩ።