ቲማቲሙ በሐምሌ ለምን ይጠቁራል? በጅማ ጓሮ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በየክረምቱ የምሰማው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ቲማቲሜ አምሮ አምሮ፣ ሊያፈራ ሲል ቅጠሉ ጠቆረ። ምን ልርጭበት?» ጥያቄው ዘግይቷል። ጅማ ላይ አብዛኛው የጓሮ ጥፋት የሚጀምረው ችግኙ መሬት ሳይነካ ነው፤ ባለሙያም ይበልጥ የሚጠቅመው ያኔ ነው።

የደረቅ አገር ምክር ይዞ መትከል

ስለ ቲማቲም የምንሰማው ምክር በአብዛኛው የመቂና የዝዋይ ልምድ ነው። እዚያ አየሩ ደረቅ ነው፤ ውሃው በቦይ ሥሩ ላይ ይፈሳል እንጂ ቅጠሉን አያርስም። ጅማ ግን በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ያገኛል፣ ክረምቱም ረጅም ነው። ቅጠል ረጥቦ በብርድ ካደረ፣ ገበሬው ምች የሚለው በሽታ በጥቂት ቀናት ውስጥ መደቡን ሙሉ ይጨርሳል። ያው በሽታ ድንችንም አይምርም።

ስለዚህ ቀኑን ያዛውሩት። ዘሩን በመስከረም መጨረሻ መደብ ላይ ያፍሱ፤ ከአራትና አምስት ሳምንት በኋላ ዝናቡ ሲቀንስ ይትከሉት። በበጋው ማለዳ ማለዳ ሥሩ ላይ ብቻ ያጠጡ፣ ግንዱን በእንጨት ይደግፉ፣ አፈር የሚነካውን ቅጠል ያንሱለት። ክረምቱን ለጎመንና ለቆስጣ ይተዉላቸው።

አፈሩ ቀይና ጥልቅ ስለሆነ ጤነኛ ነው ማለት

የጅማ ቀይ አፈር ያምራል፣ ግን በብዙ ቦታ አሲዳማ ነው። ዝናቡ ካልሲየሙን አጥቦ ይወስደዋል፤ የአሲድነት መለኪያው (ፒኤች፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ ደግሞ ፎስፈረስ አፈሩ ውስጥ እያለ ለሥሩ አይደርስም። ቀይ ሥርዎ ኮስሶ ቢቀር ማዳበሪያ መጨመር ብቻውን አያነሳውም። ከጓሮው አምስት ስድስት ቦታ እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ድረስ ቆፍረው አፈር ይውሰዱ፣ ያደባልቁት፣ ከዚያ አንድ ኪሎ ያህሉን ያስመርምሩ። ውጤቱ ኖራ ያስፈልጋል ካለ ከተከላው አንድ ወር ያህል ቀድመው ከአፈሩ ጋር ያዋህዱት። ኖራንና ዩሪያን በአንድ ቀን አይጨምሩ፤ ናይትሮጂኑ ተንኖ ይጠፋል።

ጥሬ ገለፈትና ትኩስ ፍግ

የቡና ገለፈት ከተማችን ውስጥ ሞልቷል፤ እንዲሁ ሲጣል ሳይ ያሳዝነኛል። ነገር ግን ሳይበሰብስ አፈር ውስጥ ከገባ፣ ለመበስበስ ሲል የአትክልቱን ናይትሮጂን ይሻማል፤ ቅጠሉም ቢጫ ይሆናል። ከፍግና ከእርጥብ ቅጠል ጋር ከምረው፣ በየሁለት ሳምንቱ እያገላበጡ ሦስት አራት ወር ያቆዩት። ትኩስ ፍግ ደግሞ ሥር ያቃጥላል።

አቮካዶን ከፍሬ አብቅሎ መጠበቅ

ይህ ስህተት ዓመታት ስለሚበላ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። ከፍሬ የበቀለ አቮካዶ እናቱን አይመስልም፤ ለማፍራትም ከአምስት ዓመት በላይ ሊያስጠብቅ ይችላል። የተዳቀለው፣ ማለትም ከጥሩ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ የተገጠመበት ችግኝ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ዓመት ያፈራል። እኔም «የተዳቀለ ነው» ተብዬ የገዛሁትን ችግኝ ስድስት ዓመት ሙሉ ተንከባክቤ፣ ኋላ ተራ ችግኝ ሆኖ አገኘሁት። ከመክፈልዎ በፊት ግንዱን ዝቅ ብለው ይመልከቱ፤ የተገጠመበት ጠባሳ በግልጽ መታየት አለበት። ሲተክሉም ጠባሳው ከአፈር በላይ ይሁን።

ውሃ የሚቆምበት ቦታ ላይ በፍጹም አይትከሉት፤ የአቮካዶ ሥር በቶሎ ይበሰብሳል። በአዌቱ ወንዝ ዳር ባለ ረግረጋማ ጓሮ አፈሩን ከፍ አድርጎ ጉብታ ላይ መትከል ይሻላል። ከቤቱም ሰባት ስምንት ሜትር ይራቅ።

ፓፓያ አንድ ብቻ መትከልም ያው ነው፤ ወንዴ ከወጣ ፍሬ የለም። በአንድ ጉድጓድ ሦስት ችግኝ ተክለው፣ አበባው ሲታይ ይምረጡ።

ጥላ ሥር መዝራት

አትክልት በቀን ስድስት ሰዓት ያህል ፀሐይ ይፈልጋል። ከማንጎው ሥር የተዘራ ካሮት ቅጠል ብቻ ይሆናል።

ባለሙያን ባዶ እጅ መጠየቅ

ጅማ በዚህ የታደለች ናት። መልኮ ላይ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ፤ የዩኒቨርሲቲው የግብርና ኮሌጅም እ.ኤ.አ. ከ1952 ጀምሮ እዚሁ ያስተምራል፤ ወረዳው የልማት ሠራተኛ አለው። ብዙዎቻችን ግን «ቅጠሉ ታሟል» ብለን በቃል ብቻ እንጠይቃለን። የታመመና ጤነኛ ቅጠል ጎን ለጎን ይዘው ይሂዱ፤ ከተቻለ አንዱን ተክል ከነሥሩ ነቅለው ይውሰዱ። መቼ እንደተከሉ፣ ምን እንደጨመሩ፣ ምን እንደረጩ በወረቀት ይጻፉ። ከገበያ በውሃ ፕላስቲክ የተገዛ፣ ስም የሌለው መድኃኒት ረጭተው ከሆነ ሳያፍሩ ይንገሩ፤ ባለሙያው ምን እንደተረጨ ሳያውቅ ፍሬው ከስንት ቀን በኋላ እንደሚበላ ሊነግርዎ አይችልም።