የቪዛ ቅጽ ላይ «ሴፓሬትድ» ከማለታችሁ በፊት

የዲቪም ሆነ የሌላ የአሜሪካ ቪዛ ቅጽ ስትሞሉ ብዙ ሰው የሚሰናከለው «ሴፓሬትድ» (ተለያይቶ የሚኖር) ላይ ነው። ከባል ወይም ከሚስት ተኳርፎ ለየብቻ መኖር ፍቺ አይደለም፤ በሕግ ፊት ገና ባለትዳር ናችሁ። ዲቪ ላይ ያለው «ሊጋሊ ሴፓሬትድ» ፍርድ ቤት በጽሑፍ ያዘዘውን መለያየት ብቻ ይመለከታል። ትእዛዙ በእጃችሁ ከሌለ «ማሪድ» ብላችሁ ሙሉ፤ ለመፋታት ብታስቡም የትዳር ጓደኛችሁን አስገቡ። የአሜሪካ ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት ካልሆነ በቀር ስሙን መተው ዕድሉን ያሳጣል።

«ዲቮርስድ» ለማለት የፍርድ ቤት ውሳኔ ያስፈልጋል። ሽማግሌ ፊት የተፈረመ የፍቺ ስምምነት ብቻውን አይበቃም፤ በቤተሰብ ሕጋችን ፍርድ ቤት ሊያጸድቀው ይገባል። አንዴ የተፋታ ሰውም አይ-130 (I-130) የተባለው የቤተሰብ ማመልከቻ ቅጽ ላይ «ሲንግል» አይልም፤ እዚያ የተጻፈው ጨርሶ ላላገባ ነው። «አነልድ» የሚባለው ጋብቻው ከመነሻው እንዳልጸና ሲወሰን ነው፤ ከፍቺ ጋር አታምታቱት።

«ፊያንሴ» እጮኛ፣ «ስፓውስ» ደግሞ የትዳር ጓደኛ። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ኒካህ ካሰሩ ወይም ቤተ ክርስቲያን ከተጋቡ በኋላ በኬ-1 የእጮኛ ቪዛ የሚያመለክቱ አሉ። የኢትዮጵያ ሕግ ሃይማኖታዊ ጋብቻን ስለሚቀበል መንገዳቸው አይ-130 ነው።

«ማሪጅ ላይሰንስ» አሜሪካ ውስጥ ከሠርግ በፊት የሚወጣ ፈቃድ ነው፤ ኒውዮርክ ላይ 60 ቀን ያገለግላል። ለማስረጃ የሚቀርበው ከሠርጉ በኋላ የሚሰጠው «ማሪጅ ሰርተፊኬት» ነው።